ጉንፋን በየትኛው በር ገባ?

የጁገል ግንብ ብዙ ነገር አስቁሟል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐረርን በድንጋይ ሲያጥሩ ያሰቡት ስለ ጦር ነበር፤ ግንቡም ሥራውን ሠርቷል። በኋለኞቹ አሚሮች ዘመን አምስቱ በሮች ጀንበር ስትጠልቅ ይዘጉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ግቢ ይሄዱ ነበር። የመሸበት ነጋዴ ግመሉን አንበርክኮ ውጭ ያድራል። ለጅብ እንኳ «ዋራባ ኑዱል» የሚሉት መሹለኪያ ከግንቡ ሥር ተትቶለት በወግ በወጉ ነው የሚገባና የሚወጣው። ማንንም ሳያስፈቅድ ሲገባ ሲወጣ የኖረው ጉንፋን ብቻ ነው።

ስለ አሚሮቹ ተጽፏል። ስለ ግብፆች 10 ዓመት፣ ስለ ጨለንቆ፣ ስለ ራስ መኮንን፣ ስለዚያ ግጥም ትቶ ቡና ሻጭ ስለሆነው ፈረንሳዊም ብዙ ቀለም ፈስሷል። ስለ ሳል የጻፈ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ፈልጎ ላነበበ ሰው ግን ሳል በሐረር ታሪክ ውስጥ አለች። እንዲያውም አንድ ጊዜ የዲፕሎማሲ ሥራ ሠርታለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1855፣ በእኛ በ1847 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን በዘይላ በኩል አድርጎ ሐረር ገባ። አብዛኛውን መንገድ የተጓዘው የዐረብ ነጋዴ መስሎ ነው። ከተማዋ ስትቀርብ ግን ሐሳቡን ለወጠና እንግሊዛዊነቱን ተናግሮ በር ላይ ቆመ። በርተን ከዚያ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ራሱን ጀግና ማድረግ ይወዳል፤ ስለ ሐረር ሰው የሚለውም ብዙው በንቀት የተለወሰ ነውና በጥርጣሬ መነበብ አለበት። ዓይኑ ግን ስል ነበር። በቤተ መንግሥት አካባቢ ያያቸውን ሰዎች ሲገልጽ፣ ሹማምንቱ ሳይሆኑ የሕክምና ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ። አሚር አሕመድ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ነገር ግን ፊታቸው የገረጣ፣ ሰውነታቸው የከሳ ሕመምተኛ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ትልቁ ሹም፣ ገራድ መሐመድ ደግሞ ደረታቸውን ይዞ የማይለቅ ሳል ነበረባቸው። በርተን ስሙን «ብሮንካይተስ» ብሎ ጽፎታል።

ለእንግዳው መግባቱ ቀላል ነበር፤ ጭንቁ መውጣቱ ነው። ቀን ይነጋል፣ ቀን ይመሻል፣ የመሄጃ ፈቃድ የለም። በዚህ መሃል ገራዱ ስለ ሕመማቸው አነሱበት። በርተን ዕድሉን አላባከነም፤ አውሮፓውያን ለዚህ ሕመም የሚጠቀሙባቸውን መድኃኒቶች ከዔደን እንደሚልክላቸው ቃል ገባ። ከዔደን ለመላክ ደግሞ መጀመሪያ ዔደን መድረስ ያስፈልጋል! በ10ኛው ቀን ተሸኘ። እርግጥ ነው፣ ሌላም ምክንያት ነበር። የሐረር ንግድ በበርበራና በዘይላ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ከእንግሊዝ ጋር መቀያየም እንደማያዋጣ አሚሩ ያውቃሉ። ቢሆንም ሳሏ የበኩሏን አድርጋለች።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሳበኝ ግን በርተን ስለ ቡና የጣላት አንዲት የግርጌ ማስታወሻ ናት። የሐረር ሰዎች ፍሬውን ለገበያ ነው የሚልኩት ይላል። ፍሬው ሰውነትን ያሞቃል፣ ያደርቃል ብለው ስለሚያምኑ እነሱ አይጠጡትም። ገለባው የሴቶች መጠጥ ነው። ወንዶቹ ደግሞ የቡናውን ቅጠል በምጣድ አመስ አድርገው፣ ወቅጠው፣ አፍልተው ይጠጣሉ፤ ለጤና የሚስተካከለው የለም ባዮች ናቸው። በርተን ራሱ ቀምሶት አልወደደውም፤ የቀጠነ ሰናመኪ መሰለኝ ብሏል።

ይቺን ባነበብኩ ጊዜ ለብቻዬ ነው የሳቅሁት። ምክንያቱም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐረር ጉንፋን ጥሎኝ፣ ያንኑ ንግግር ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ ሰምቼዋለሁ። ከድሬዳዋ ወበቅ በአንድ ቀሚስ ሸሚዝ ወጥቼ (ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ ማታ ማታ ቀልድ አታውቅም) ጁገል ውስጥ በአንድ ወዳጄ ቤተሰብ ዘንድ ነበር ያረፍኩት። እውነቱን ለመናገር ጉንፋኑን የሰጠኝ ብርዱ አይደለም፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ሆኖ ሲያስነጥስ የመጣው ሰውዬ ነው። ቫይረሱ ከሌለ ብርድ ብቻውን ጉንፋን አይሆንም። ለቤቱ እመቤት ግን ይህን ማስረዳት የሚቻል አልነበረም። ሁላችንም «ኡሚ» ነው የምንላት።

«አቦ፣ ምን ያንፋፋሃል?» አለችኝ ከነደባው ላይ እንደተቀመጠች።

«ጉንፋን ነው ኡሚ። እስቲ አንድ ቡና አፍይልኝ።»

«ቡና? ወላሂ አታገኝም! ቡና ያደርቅሃል። በርጫም ዛሬ የለም፤ ጉሮሮህን ይበልጥ ሊያቆስለው ነው? ቁጢ ነው የምሰጥህ።»

(ስለ «አንተ» እና «አንቺ» ቅር እንዳይላችሁ። ሐረር ውስጥ «አንቱ» ብሎ ነገር እምብዛም ነው፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንድ ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይደነግጣል፣ በሦስተኛው ቀን ይወደዋል።)

ቁጢ እንግዲህ ያው የቡና ቅጠሉ ነው። አመሰችው፣ አፈላችው፣ ወተት ጨመረችበት፣ ጨው ጣል አደረገችበት። የበርተንን ሰናመኪ ትዝ የሚያሰኝ ነገር የለውም፤ ወተቱ ይሆናል ያዳነው። ትኩስ ትኩሱን ሦስት ስኒ ስጠጣ አፍንጫዬ ከፈት አለልኝ። ኡሚ በርተንን አታውቀውም፤ ማንበብም አያስፈልጋትም። ቡና «ያደርቃል» የሚለው እውቀት ከእናቷ፣ ከአያቷ የወረደላት ነው። የሐሳቡ ሥር ግን ከጁገልም ይርቃል። ነገሮችን ሁሉ «ሙቅ» እና «ቀዝቃዛ»፣ «ደረቅ» እና «ርጥብ» ብሎ መክፈል ከግሪክ ሐኪሞች ተነሥቶ፣ በዐረብኛ ተተርጉሞ፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በኢብን ሲና መጻሕፍት ተደላድሎ፣ በእስላሙ ዓለም የንግድ መንገድ ሁሉ የተጓዘ ሕክምና ነው። ሐረር ደግሞ የንግድም የትምህርትም ከተማ ነበረች። እናም የአንዲት እናት «ቡና ተው» ማለት የአንድ ሺህ ዓመት ወሬ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ ሰዎች የቤት መድኃኒትን ሁሉ «የአባቶቻችን» ብለን መጠቅለል እንወዳለን። እስቲ ጊድር መጋላ ገበያ ውስጥ ገብታችሁ ለጉንፋን የሚሸጠውን ሁሉ በዓይናችሁ ቁጠሩ። ጥቁር አዝሙዱን ተዉት፤ እሱ የቆየ ነው፣ በነቢዩ ሐዲስም ከሞት በቀር ለሁሉም ፈውስ ተብሎ የተነገረለት ስለሆነ ጁገል ውስጥ የማይገባበት ቤት የለም። ዝንጅብልና ሎሚ መነሻቸው እስያ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ከመጡ ብዙ ዘመን ስለሆናቸው ቤተኛ ሆነዋል። ቁንዶ በርበሬ ከሕንድ በባሕር ነው የሚመጣው። በርበሬ ደግሞ ከአሜሪካ ምድር የወጣ ነው፤ ኮሎምበስ ባሕር ከመሻገሩ በፊት የኖረ ጉንፋናም በርበሬ የበዛበት ሾርባ ጠጥቶ አላላበውም። ሻይ በአገራችን በየቤቱ የተዛመተው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስኳሩስ? የወንጂ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ከጥንት ጀምሮ» የምንላት ያቺ ዝንጅብልና ሎሚ የገባባት ጣፋጭ ሻይ፣ ከብዙዎቻችን አያቶች ዕድሜ ብዙም አትበልጥም።

የባሕር ዛፉ ደግሞ ይብሳል። ነጭ ባሕር ዛፍ ቀቅሎ ነጠላ ተከናንቦ መታጠን የኢትዮጵያ መለያ እስኪመስል ድረስ ተላምደነዋል። ዛፉ ግን የአውስትራሊያ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አድዋ ላይ ከዘመቱት ብዙዎቹ ተወልደው ያደጉት ባሕር ዛፍ በሌለበት አገር ነበር፤ ጉንፋን ሲይዛቸው በዳማ ከሴ፣ በጤና አዳም፣ በፌጦና በነጭ ሽንኩርት ነው የተገላገሉት። ይህን የምለው መድኃኒቱን ለማጣጣል አይደለም። የቤት መድኃኒት በየዘመኑ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ሕያው ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው። ሊጨመርበት ከቻለ ደግሞ ሊቀነስበትም ይገባል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ስለ ጭስ ካነሣን የ1911 ዓ.ም. ኅዳር ሳይነሣ አይቀርም። ያ ዓለምን ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ፣ እኛ «የኅዳር በሽታ» ያልነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጨርሷል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ብዙዎቹ የውጭ ሐኪሞች ራሳቸው ወድቀው ነበር። ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ከዚያ ወዲህ የጠነከረ ልማድ ነው። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ አንድ አለመሆናቸውን ማንም ሐኪም ይነግራችኋል፤ የሚያመጧቸው ቫይረሶች ይለያያሉ፣ ኢንፍሉዌንዛ ይገድላል። በሕዝቡ አንደበት ግን ሁለቱም «ጉንፋን» ናቸው፤ ለሁለቱም የሚታዘዘው ጭስ ነው።

ጭሱ ላይ ነው እኔ ከኡሚ ጋር የተጣላሁት። የዚያን ዕለት ማታ ሉባኑን ከከሰሉ ጋር አምጥታ፣ በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ፣ «ላብህ ይውጣ» ብላኝ ልትሄድ። ሉባኑን እወደዋለሁ። ከሰሉን ግን አስወጣሁት። የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። በክረምትና በብርድ ወራት በየከተማው «ቤተሰቡ በሙሉ ሞቶ ተገኘ» የሚል ወሬ ስንሰማ ብዙ ጊዜ ገዳዩ ይኸው ነው። ጉንፋን በሳምንት በ10 ቀን ይለቃል፤ ከሰሉ ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ኡሚ «አቦ፣ ስንት ዓመት ስናጤስ የኖርነው!» ብላ ተቆጣች። አሮጌው ቤት እኮ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው የሚውለው፣ አየር ያገኛል፤ አሁን ግን በብርጭቆና በብረት ዘግታችሁታል ብዬ ተከራከርኩ። አላሸነፍኩም። ከሰሉ ግን ወጣ።

እንግዲህ ሳይንሱስ ምን አደረገ? እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ሳልስበሪ በምትባል ከተማ አጠገብ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ አቋቁመው ነበር። ፈቃደኛ ሰዎች እየመጡ፣ እየበሉ እየጠጡ፣ አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ጠብታ እየተደረገላቸው ይጠናሉ። ከ40 ዓመት በላይ ሠሩ። ብዙ ነገር አወቁ፤ ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች አንድ ሁለት ሳይሆኑ ዛሬ ከ200 በላይ መሆናቸው ይታወቃል። መድኃኒት ግን ሳያገኙ ጣቢያው ተዘጋ። የብሪታኒያ መንግሥት ከ40 ዓመት በኋላ የደረሰበት ቦታና ኡሚ ነደባ ላይ ተቀምጣ የደረሰችበት ቦታ በጣም አይራራቅም፦ ዕረፍት፣ ትኩስ መጠጥ፣ ትዕግሥት።

የተወሰነ ልዩነት ግን አለ። ማር ለሳል፣ በተለይ ለልጆች የሌሊት ሳል፣ ጥቂት እንደሚያስታግስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጨርሶ አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ጉሮሮን ያለዝባል። ለሕፃን የታፈነ አፍንጫ ንጹሕ የጨው ውሃ ጠብ ማድረግና መጥረግ እንዲጠባ ያግዘዋል፤ ጡት ደግሞ አይቋረጥም። የባሕር ዛፍ እንፋሎቱ ለጊዜው ደስ ይላል፣ በሽታውን እንደሚያሳጥር ግን ማስረጃው ደካማ ነው። የፈላ ድስት ላይ ልጅ አስጎንብሶ ነጠላ መጣል ደግሞ ስንቱን ለቃጠሎ ዳርጎታል! ትልቅ ሰው ይታጠን፣ ልጅ ይቅርበት።

መቀነስ ያለበት ያልኩት ከዚህ ይከፋል። ልጅ በሳለ ቁጥር «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ በምላጭ ወይም በፀጉር ክር እንጥል የሚያስቆርጡ ዛሬም አሉ። ደም ሲፈስ የቀረ ልጅ አለ፣ ቁስሉ የመረቀዘበት አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን የሚቀጣ ምዕራፍ አለው፤ ምላጩ ግን ከሕጉ ይፈጥናል። ከዚህ በተቃራኒ ያለው ደግሞ የተማርን ነን ባዮች ጥፋት ነው፤ አፍንጫችን በረጠበ ቁጥር ፋርማሲ ሄደን ያለ ሐኪም ማዘዣ «አሞክሳሲሊን ስጪኝ» ማለት። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ሌላ ቀን፣ የምር በሚያስፈልገን ጊዜ፣ ባክቴሪያው ለምዶት አልሰማ ይላል።

የምር የሚያስፈልግበትን ጊዜ እዚያው ጁገል አይቻለሁ። ከኡሚ ቤት ጀርባ፣ በጠባቧ መንገድ ማዶ፣ የ8 ወር ልጅ ታሞ ነበር። አራት ቀን ሆኖታል። አያቱ «ብርድ ነው፣ ጉንፋን ነው» ይላሉ፤ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ደረቱን ቀብተውታል፣ ጤና አዳም አንገቱ ላይ አስረውለታል። የቀጠናዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለሌላ ጉዳይ ስታልፍ ጠሯት። ልጅት ብዙ አልተናገረችም። ልብሱን ገለጠች፣ ስልኳን ፊቷ አስቀመጠች፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረች። እኛም ዝም ብለን አብረን ቆጠርን።

«62» አለች።

በዚያ ዕድሜ በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ፈጣን አተነፋፈስ» ይባላል። ሁለት ወር ላልሞላው መለያው 60 ነው፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40። የሳንባ ምች ምልክት ነው። ቀጥላም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ እንደሚሰረጎድ ጣቷን ጠቁማ አሳየችን። አንዴ ካሳዩህ በኋላ ሳታየው ማለፍ አትችልም፤ ከዚያ በፊት ግን እዚያው ተቀምጬ ለግማሽ ሰዓት ስመለከተው ልጁ የሚተነፍስ ብቻ ነበር የመሰለኝ። ባጃጅ ተጠራ። አያትየው «ዘይቱ ላይ ትንሽ ታገሱ» ሲሉ ኡሚ ናት «አቦ ተዪን! ዘይትሽ ሆስፒታልም ይከተለዋል!» ብላ ልጁን ከነእናቱ ባጃጁ ውስጥ የከተተችው። ኦክስጅንና መርፌ ተሰጠው፤ በሳምንቱ ተመለሰ። ጉንፋንን በቤት ማስታገስ ከሚለው ነገር ሁሉ ለአንድ ወላጅ የሚጠቅመው ይህቺ የአንድ ደቂቃ ቆጠራ ትመስለኛለች፤ ገንዘብ አትጠይቅም፣ ትምህርትም ብዙ አትፈልግም። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ አልነቃ ያለው ልጅ ከሆነ ደግሞ መቁጠሩም ይቅር፣ ይሂድ።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተነገረ ጊዜ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ገበያ እንዴት እንደሆነ አትረሱትም። ደውዬ «ኡሚ፣ እንዴት ነሽ?» ስላት «ቁጢ እየጠጣን ነው» አለችኝ። የውሃውን ነገር ስጠይቃት ሳቀች። ሐረር እኮ ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከደረቀባት ወዲህ የውሃ ችግር የከረመባት ከተማ ናት፤ «እጅ ታጠቡ» የሚለው ምክር ጀሪካን ለሚቆጥር ሰው ከነጭ ሽንኩርት ይልቅ ውድ ነው። ግን ጉንፋንም ሆነ ኮሮና ከእጅ ወደ አፍንጫ የሚሄድ እንግዳ ስለሆነ፣ ለቁጢው ከሚፈላው ውሃ ትንሽ ተቀንሶ እጅ ላይ ቢፈስ አይከፋም አልኳት። «ለቁጢው አይቀነስም» አለችኝ።

አንዲት ነገር ቀርታኛለች። ጉንፋን ሳሉ ሊከርም ይችላል፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ግን በቁጢም በማርም የሚያዝ አይደለም። በተለይ ማታ ማታ የሚያልብ፣ ክብደት የሚቀንስ ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን አክታ ማስመርመር ነው። የአሚር አሕመድን ክሳት፣ የገራድ መሐመድን የማይለቅ ሳል ሳነብ ይኼ ነው የሚመጣብኝ፤ በዚያን ዘመን የነቀርሳ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያውቅ ሐኪም ዔደንም ለንደንም አልነበረም፣ ሮበርት ኮህ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ዛሬ ምርመራውም የስድስት ወሩ መድኃኒትም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።